ሽማግሌ የተላከበት ሽንፈት

ባርናባስ ዜናውን ይዞ የመጣው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፤ ያንን መቃን የሚነካ ቁመቱን አጥፎ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለ። ፀሐይነሽ አፉን ሳይከፍት ገባት። ካልሲው አዲስ ነበር። ሰው ሊከዳ ሲል ካልሲ ይገዛል፤ ይህን ካወቀች ቆይታለች።

«እትዬ፣ ኦቨርላንዶች ኮንትራት ሰጥተውኛል» አለ ጉልበቱን እያሸ። «ትናንት ሳይን አደረግኩ።»

«እንኳን ደስ ያለህ» አለችው። ከአፏ ሲወጣ ግን «ድሮስ ካንተ ምን ይጠበቃል» ያለች ነው የሚመስለው።

ኦቨርላንድ ማለት ያ በቴሌቪዥን የሚታየው፣ በየከተማው ትልልቁን አሬና የሚሞላው፣ የሬስሊንግን ዓለም ከዳር እስከ ዳር የዋጠው ድርጅት ነው። የፀሐይነሽ ነብር ሬስሊንግ ደግሞ ካልጋሪ ውስጥ ማርልቦሮ ከሚባለው የገበያ ሞል ጀርባ፣ በኮሚኒቲ አዳራሽ ውስጥ፣ በወር አንድ ቅዳሜ፣ ታጣፊ ወንበር ላይ ለተቀመጠ መቶ ሃያ ሰው ትርኢት ያሳያል። ሁለቱን ማወዳደር ራሱ ቂልነት ነው። እሷ ግን አራት ዓመት ሙሉ ስታወዳድር ኖራለች። ኦቨርላንድ ጭስና መብራት ያበዛል፤ «ሥራ የማያውቅ ሰው ነው ጭስ የሚያበዛው» ትላለች። ኦቨርላንድ በዓመት አንዴ ካልጋሪ ሲመጣ የሷ አዳራሽ ግማሹ ባዶ ይሆናል፤ «የመጡትም ግማሾቹ እዚያ ቲኬት አጥተው ነው» ትላለች። በዚህ እንኳ አልተሳሳተችም።

ነብር ሬስሊንግን ያቋቋመው ባሏ ርእሶም ነበር። በሕይወት ሳለ አንድ ቀን እንኳ ወንበር ስባ ተቀምጣ አላየችውም። ባሌ ጠባብ ቁምጣ ለብሶ በሐሰት ይወድቃል ብሎ ለሰው መናገር ያሳፍራት ነበር። ርእሶም ሲሞት ግን አንድ የኦቨርላንድ ሰው አበባ ይዞ ለቅሶ ቤት ድረስ መጣና ይህ የሴት ሥራ አይደለም፤ ስሙንና የድሮ ቪዲዮዎቹን ሽጪልንና ዕረፊ አላት። አበባውን ተቀብላ ሰውየውን አስወጣችው። በማግስቱ የአዳራሹን ቁልፍ ከመሳቢያ አወጣች። የሆቴል ላውንደሪ ሱፐርቫይዘር ስለነበረች የሰው ላብና ሰነፍ ሠራተኛ አዲስ አልሆኑባትም። ከፍቅር አልነበረም፤ ከእልህ ነበር፤ እልህ ደግሞ ከፍቅር ይልቅ ጠዋት በሰዓቱ ይነሳል።

«ስለዚህ ቅዳሜ ሳምንት የመጨረሻ ማችህ ነው» አለችው። «እዚህ ለሚቀረው ለታደገ ትወድቅለትና ትሄዳለህ።»

ባርናባስ ካልሲውን አየ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በሬስሊንግ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ በነብር ሬስሊንግ የምትወስነው ፀሐይነሽ ናት። ከእሷም በላይ የሆነ ግን አንድ ደንብ አለ። ለቆ የሚሄድ ሰው፣ ከመሄዱ በፊት ለሚቀረው ተሸንፎለት ይሄዳል። ሕዝቡ ለዓመታት የጣለበትን እምነት በሦስት ቆጠራ ያስረክባል። ሳይሸነፍ ከሄደ እምነቱን በሻንጣው ይዞት ሄደ ማለት ነው፤ የቀረው ሰው የሻምፒዮንነቱን ቀበቶ ቢታጠቅ ሱሪ ከመያዝ በቀር የሚፈይድለት ነገር የለም። ይህን ፈረንጁም ሐበሻውም፣ ሰካራሙም ደህናውም ሬስለር ያከብረዋል።

«እሱ ነው ችግሩ» አለ ባርናባስ። «ኦቨርላንዶች ሳትሸነፍ ና ነው ያሉኝ። በኢሜጅ ነው የሚሠሩት፣ እትዬ። አሸንፌ ቀበቶውን ሪንጉ መሃል አስቀምጬላችሁ ብሄድስ? ሪስፔክትፉል ነው።»

«ኮንትራቱ ላይ ተጽፏል?»

«ኖ፣ በስልክ ነው ያሉኝ።»

«በስልክ» አለች ፀሐይነሽ። «ገና በራቸውን ሳትረግጥ በስልክ ሰገድክላቸው። ቡችላ እንኳ ጌታዋን አይታ ነው ጅራቷን የምትቆላው።»

እሱም ቆጣ አለ። እንዲህ ያለ ስድብ አራት ዓመት ጠጥቻለሁ፤ እዚህ የሚያጨበጭብልኝ አፉ ውስጥ ሳምቡሳ የያዘ ሰው ነው፤ እዚያ አሥራ አምስት ሺህ ሰው አለ አላት። ከዚያ ጫማውን አድርጎ፣ «ታደገ ይረዳኛል፣ ጥሩ ልጅ ነው» ብሎ ወጣ። ጥሩ ልጅ የሚባል ሰው መቼም ሌላው የጣለውን ሁሉ እንዲሸከም የተፈጠረ ነው።

ታደገ ቀን ቀን በቫን ዕቃ ያደርሳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይወድቃል። ስድስት ዓመት ሥራው መውደቅ ነበር። ከመውደቅ ደግሞ እንዲህ ያለ መውደቅ አለ፤ ታደገ ሲወድቅ የጣለው ሰው ኃያል ይመስላል፤ ወለሉ ይጮኻል፤ ሴቶች ዓይናቸውን ይሸፍናሉ። ባርናባስን ባርናባስ ያደረገው የታደገ ጀርባ ነው፤ ይህን ከፀሐይነሽ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷም ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ለራሱ ለታደገማ ጭራሽ። ከአራት ወር በፊት ግን ቀበቶው ለሱ እንዲሆን ወሰነች። እናቱ ወይዘሮ ወለተማርያም ልጄ ሲደበደብ ማየት አልችልም ብለው አንድም ቀን አዳራሹን ረግጠው አያውቁም። ውጤት ለቤተሰብ እንኳ መናገር ክልክል ስለሆነ ታደገ «እማ፣ በዚህኛው ብትመጪ ደስ ይለኛል» ብቻ ብሏቸዋል።

ረቡዕ ልምምድ ላይ ባርናባስ አልሸነፍም ማለቱን ስትነግረው ፎጣውን አንገቱ ላይ አድርጎ ሰማት።

«ኢትስ ኦኬ፣ እትዬ» አለ።

«ምኑ ነው ኦኬ? አህያ እንኳ ጭነት ሲበዛባት ትተኛለች።»

«ኖ፣ እማ ብቻ… ሺፍት ቀይራለች። ምን ብዬ አትምጪ ልበላት?»

ፀሐይነሽን ገርነቱ አንገሸገሻት፤ እንዲህ ያለ ሰው ሻምፒዮን ካልሆነ ሕይወቱን ሙሉ ይቅርታ እየጠየቀ በሰው በር ላይ ዕቃ ሲያስቀምጥ ይኖራል። እሱ ካላሸነፈ ደግሞ ነብር ሬስሊንግ ከቅዳሜ በኋላ የሚያሳየው ሰው የለውም፤ አዳራሹ ይዘጋል፣ የኦቨርላንዱ ሰው ሌላ አበባ ይዞ ይመጣል። ሽማግሌ መላክ ያሰበችው ያኔ ነው። ባርናባስ ለጠበቃ እምቢ ይላል፤ ለአለቃ እምቢ ይላል። ፋልከንሪጅ ሰፈር በሐበሻ መሃል ያደገ ልጅ ግን ቤቱ ገብተው ለተቀመጡ ሽማግሌዎች እምቢ ማለት አይችልም። ይህን ኦቨርላንድ በአሥራ አምስት ሺህ ወንበሩ አያውቀውም ብላ ብቻዋን ሳቀች።

ሐሙስ ጋሼ ኪራኮስ ቤት ሄደች። ጋሼ ኪራኮስ ጡረታ የወጡ ታክሲ ነጂ ናቸው፤ በሰፈሩ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። አባ መልከጼዴቅንና የርእሶምን ጓደኛ አቶ ምሩጽን አስጠርተው ሦስቱም ተደርድረው ጠበቋት። ሦስቱንም በልቧ ናቀቻቸው፤ አንደኛው ሲያወራ ሁለተኛው ያንቀላፋል፤ ሦስተኛው በሁለቱም ይስማማል። ግን ሥራ ነው፤ ለሥራ ሲሆን ዶማም ይያዛል።

«ባርናባስ ቅዳሜ ሳምንት እንዲሸነፍ ለምኑልኝ» አለች።

ጋሼ ኪራኮስ ግራ ገባቸው። በነብር ሬስሊንግ ታሪክ አንድም ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም፤ የፊተኛው ረድፍ የቀኝ ወንበር የሳቸው ነው። «ሰው እንዴት ተሸነፍ ተብሎ ይለመናል? ጉልበት ያለው ያሸንፋል» አሉ።

«ጋሼ፣ ውጤቱን የምጽፈው እኔ ነኝ።»

«የቱን ውጤት?»

«ሁሉንም።»

አቶ ምሩጽ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ፤ የሚያውቁት ነገር ነበር። አባ መልከጼዴቅ ትንሽ አሰቡና «ተውኔት ነው ማለት ነዋ» ብለው በቀላሉ ተቀበሉት። ጋሼ ኪራኮስ ግን ቀስ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ።

«የዛሬ ሁለት ዓመት» አሉ፤ «ያ ግዙፍ የኤድመንተን ሰውዬ ባርናባስን ሊያንቀው ሲል… ጧፍ ተስያለሁ። ስለቴ ሰመረ ብዬ አስገብቻለሁ።»

«እሱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«የወለቀው የታደገ ጥርስስ?»

«ጥርሱ እውነት ነው።»

ጋሼ ኪራኮስ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ረጅም ጊዜ ወለወሉ። በሰባ አራት ዓመታቸው፣ በገዛ ቤታቸው፣ ሁለት ሰው ፊት ሞኝ ሆነዋል። ፀሐይነሽ ይህን አየች፤ አላዘነችላቸውም። ስድስት ዓመት ሙሉ ያመነ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው አለች በሆዷ። ስለ ደንቡ አስረዳቻቸው፤ ሂያጅ ለቀሪ እንደሚወድቅ፣ ባርናባስ ደንቡን ረግጦ ሊሄድ እንደሆነ፣ ታደገ ሜዳ ላይ እንደሚቀር። ደንብ መርገጥ ሲባል ሽማግሌዎቹ ቀና ቀና አሉ፤ ያ የሚገባቸው ቋንቋ ነበር።

«ከዚህ ቤት እንዳይወጣ ግን» አለች ስትነሳ። አባ አንገታቸውን ነቀነቁ። አቶ ምሩጽ «ርእሶም ይሙት» አሉ፤ ርእሶም ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ጋሼ ኪራኮስ ካፖርቷን እያቀበሏት «መልካም ነገር ነው የያዝሽው» አሏት፤ እሷም እሺ ማለታቸው መሰላት።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። ላኪ አብሮ አይገባምና ፀሐይነሽ መንገድ ዳር ፓርክ አድርጋ፣ የመኪናዋን ሂተር ከፍታ፣ የባርናባስን ታውንሃውስ መስኮት እያየች ጠበቀች። ውስጥ የሆነውን በኋላ አቶ ምሩጽ ነገሯት። ልጁ ሻይ አቀረበ፤ አልነኩም። ኬክ ቆረሰ፤ አልነኩም። «ጉዳያችን ሳይፈጸም እህል ውሃ አንቀምስም» ብለው እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ባርናባስ ስለ ኢሜጅ ሊያስረዳ ሞከረ፤ አባ መልከጼዴቅ ኢሜጅ ምን እንደሆነ ጠየቁት፤ ሲያስረዳ ራሱ አፈረ። በአርባ ደቂቃው ጉልበታቸው ላይ ወደቀ።

ጋሼ ኪራኮስ ፊታቸው በርቶ ወደ መኪናው መጡ። «እሺ ብሏል! ለቀሪው ወንድሙ እወድቃለሁ ብሏል። ልጅ ማለት እንዲህ ነው!»

ፀሐይነሽ አመሰገነች፤ መስኮቱን ዘጋች፤ ከዚያ ከት ብላ ሳቀች። ሁለት ሜትር የሚያህል ሰውዬ በሦስት ሽማግሌና ባልተነካ ኬክ ተረታ። ናቀችው። ሽማግሌዎቹንም ናቀቻቸው፤ ለአንድ ትርኢት አገር ያስታረቁ ይመስል ደረታቸውን ነፍተው ነው የሄዱት። በማግስቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የምትሄደው፤ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያሉ ሰው የሚያሙትን ማየት አትወድም።

ትርኢቱ በተከታዩ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ነበር። ያን ዕለት ማታ ኦቨርላንድ ራሱ በከተማው ትልቅ አሬና ትርኢት ነበረው፤ የከተማው ባቡር ሲ-ትሬኑ ከጠዋት ጀምሮ የኦቨርላንድ ቲሸርት በለበሰ ሰው ተሞልቷል። ፀሐይነሽ ከስልሳ ሰው በላይ አልጠበቀችም። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በመጋረጃው ቀዳዳ ስታይ ግን ወንበር አልቋል። ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ አሉ። ነጠላ የለበሱ ሴቶች፣ ከነልጆቻቸው የመጡ አባወራዎች፣ በሕይወታቸው ሬስሊንግ አይተው የማያውቁ አሮጊቶች፤ ሦስት መቶ ሰው ይሆናል። ወይዘሮ ወለተማርያም ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«አየሽ» አለች ለራሷ። «ኦቨርላንድ ያለበት ቀን ነው ይህን ያመጣሁት።» ሕዝቡን እንኳ ትንሽ ወደደችው፤ ርእሶም ይህን ቢያይ ኖሮ ብላ አዘነችለት። በአራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ነበር።

ባርናባስና ታደገ ገቡ። ደወሉ ተደወለ። ታደገ እንደዚያ ቀን ሠርቶ አያውቅም። ሲነሳ፣ ሲንገዳገድ፣ ተስፋ ሊቆርጥ ሲልና ሲተወው፣ ድንጋይ ልብ ያለው ሰው እንኳ ይላወስ ነበር። ፀሐይነሽ ውጤቱን የጻፈችው ራሷ ሆና ሳለ «ይሸነፍ ይሆን?» ብላ ሰጋች።

አዳራሹ ግን ዝም አለ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም፣ አልተነሳም። ታደገ ሲመታ ማንም «ወይኔ» አላለም። ሦስት መቶ ሰው እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ቀለስ አድርጎ፣ ዓይኑን ባርናባስ ላይ ተክሎ፣ ሙሽራ ቃል ኪዳን እስኪያስር እንደሚጠብቅ ሰው በትዕግሥት ይጠብቃል። ከኋላ አንዲት ሴት «አሁን ነው? አሁን ነው ለሽማግሌዎቹ የሚወድቅላቸው?» ስትል ፀሐይነሽ ሰማች።

ታደገ ባርናባስን አነሳው፤ ጣለው፤ ላዩ ላይ ተኛ። ሬፈሪው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቆጠረ።

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ሕዝቡ ተነሳ፤ ወደ ሪንጉ ጎረፈ። ጋሼ ኪራኮስ ገመዱን ይዘው «ቃሉን ያከበረ ልጅ! ይባረክ!» እያሉ ያለቅሳሉ። ባርናባስን ከወለሉ አነሱት፤ ግንባሩን ሳሙት፤ ትከሻቸው ላይ አወጡት። አንዱ ጎረምሳ ስልኩን ከፍ አድርጎ «ሂ ኬፕት ሂዝ ዎርድ!» እያለ ይቀርጻል። አባ መልከጼዴቅ መስቀላቸውን አሳለሙት። ታደገ ቀበቶውን ከሬፈሪው ተቀብሎ ራሱ ታጠቀ። ከዚያ ወደ ላይ ሊያነሳው የነበረውን እጁን ምን እንደሚያደርገው ጠፋበት።

ፀሐይነሽ ሰው እየገፋች ጋሼ ኪራኮስ ዘንድ ደረሰች። «ምንድን ነው የነገሯቸው?»

«እውነቱን ነዋ፤ ውጤቱን የምትጽፊው አንቺ መሆንሽን ሳይቀር» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለጉባኤው ተናገርኩ። ሽማግሌ ያሳካውን ነገር ይናገራል፤ ያልተነገረ ዕርቅ ዕርቅ ነው እንዴ? ቅዳሜ መጥታችሁ ቃሉን ሲፈጽም እዩለት አልኩ። አንቺንም ስምሽን ጠርቼ አመስግኜሻለሁ። ብትመጪ ትሰሚ ነበር።»

«ከዚህ ቤት አይውጣ ብዬዎት ነበር!»

ጋሼ ኪራኮስ ፊታቸው ትንሽ ጠቆረ። «ለኔ ስድስት ዓመት ተደብቋል፣ ልጄ» አሉ። «ይበቃዋል።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ማንንም መስደብ አልቻለችም፤ ሁሉም ያደረገው የለመነችውን ነው። ባርናባስ ከሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ጠራት። «እትዬ፣ ቴንክ ዩ! ካሸነፍኩባቸው ቀኖች ሁሉ አንድም ቀን እንዲህ አልተጨበጨበልኝም!» አለ። እምነቱን አላስረከበም። ሦስት እጥፍ አድርገው መልሰው አሸክመውታል፤ ማታውኑ ይዞት ኦቨርላንድ ይገባል።

ሪንጉ ዳር ወይዘሮ ወለተማርያም ልጃቸው ዘንድ ደርሰው ነበር። ላቡን በመሐረብ ጠረጉለት፤ ቀበቶውን በእጃቸው ነካ አደረጉት፤ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«አይዞህ፣ የኔ ልጅ» አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንድ ቀን ደግሞ በራስህ ጉልበት ታሸንፋለህ።»

ታደገ «እሺ፣ እማ» አለ። ፈገግም አለ። ጥርሱ የጎደለበት ቦታ ታየ።

ፀሐይነሽ ያን ጊዜ የሆነችውን ሆና አታውቅም። አፈረች፤ ተናደደች፤ ልቧ ተሰበረ፤ ሦስቱም ባንድ ጊዜ። ገመዱን ተደግፋ ወደ እናትዮዋ ጎንበስ አለች።

«ወይዘሮ ወለተማርያም» አለች፤ ድምፁ የሷ አይመስልም። «ልጅዎ ዛሬ የሠራውን ከዚህ አዳራሽ ሊሠራው የሚችል ሰው የለም። ኦቨርላንድ ቤትም የለም። ስድስት ዓመት ሁሉንም የተሸከማቸው እሱ ነው። በእውነት ያሸነፈው እሱ ነው፤ እኔ ነኝ የምልዎት።»

በሕይወቷ ለሰው ከተናገረችው ሁሉ ይህ ብቻ ከልቧ ነበር። ታደገ አንገቱን ቀና አድርጎ አያት።

ወይዘሮ ወለተማርያም ደግሞ ከእግሯ እስከ ራሷ ቀስ ብለው ተመለከቷት። ፀሐይነሽ ያንን የንቀት አስተያየት በደንብ ታውቀዋለች፤ ሌላ ሰው ፊት ላይ ግን አይታው አታውቅም።

«እሱንም እርስዎ ነዎት የጻፉት?» አሏት ሴትየዋ። ከዚያ የካፖርታቸውን ቁልፍ ቆለፉና የልጃቸውን ቦርሳ አንስተው ወደ በሩ ሄዱ። ታደገ ቀበቶውን ፈትቶ ወንበር ላይ አስቀመጠና ተከተላቸው።